የማልሸጣቸው ተጫዋቾች

መላጣውን በረኛ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጸጉሩን ቢጫ የተቀባ ሌላ ወጣት በረኛ አሳይቶኝ፣ "እማ፣ የዚህ ቁጥሩም ይበልጣል፣ ዕድሜውም ያንሳል" እያለ ሲለማመጠኝ ነበር። እኔ ግን የመላጣውን ፎቶ ሳየው በጊዜ ቤቱ የሚገባ፣ ሚስቱን የማያስቀይም ሰው መስሎ ታየኝ። "ይሄ ይሁን" አልኩ፤ ሆነ። ልጄ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። እኔ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእግር ኳስ ጌም ውስጥ ካሪየር ሞድ የሚሉት አለ። አንድ ጨዋታ ተጫውተው የሚነሱበት አይደለም። የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ይኮንና በችሎታ ቁጥሩ እየታየ ተጫዋች ይመረጣል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ታዳጊ ያድጋል፣ የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ማለቂያ የለውም። እኔን የማረከኝ ይሄ ማለቂያ የለውም የሚለው ነገር ነው።

እኔ ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር ስኳርና ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ኳስ ማለት ለእኔ ባሌና ጓደኞቹ ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኹበት፣ እኔ ደግሞ ሲጨርሱ ብርጭቆ የምሰበስብበት ነገር ነበር። ጌም ደግሞ ከዚያም የባሰ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ገላን ካሉት መጋዘኖች እየጫነ በየአገሩ ይዞራል። አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን በካርቶን ይዞ መጣ። "ልጁ ውጭ ውጭ እንዳይል ብዬ ነው" አለኝ። "መጽሐፍ አምጣለት ብልህ ሰይጣን አመጣህለት?" ብዬ አፈር አስገባሁት። ለወራት ያችን ጥቁር ሳጥን አቧራዋን እንኳ አልጠረግኩላትም።

ከዚያ ማስተር ፕላኑ መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው ተባለ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሰንዳፋም፣ የእኛም ሱሉልታ። ለሌላው ወሬ ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ግን ወሬ አልነበረም። አማቴ ገበሬ ናቸው። ከከተማው ጫፍ ድርቆሽ የሚያጭዱበት፣ ላሞቻቸው የሚግጡበት ጨፌ አላቸው፤ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ መስከረም ላይ ዓይን የሚያጠግብ አረንጓዴ ሜዳ። አንድ ቀን ለኪዎች መጡና መሀሉ ላይ ችካል ተከሉበት። ልጄ ክረምት ክረምቱን እዚያ አያቱ ዘንድ እየከረመ ነው ያደገው። የዚያን ዕለት ምግብ አልቀምስ አለኝ።

የእኔ ወላጆች ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወለድኩ። ልጄ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከአያቱ ጋር ኦሮምኛ ያወራል፤ ሲናደድ ሁለቱንም ይደበላልቃል። በዚያ ሰሞን አንዳንዱ ሰው አፍ አውጥቶ ባይናገርም በዓይኑ "አንቺ የማን ወገን ነሽ?" ይለኝ ነበር። የማን ወገን እንደሆንኩ እኮ ግልጽ ነው፤ የልጄ ወገን ነኝ። የአማቴ መሬት ይነካ ብዬ አላውቅም። ግን ደግሞ ሌላ ልጅ የለኝም።

በተቃውሞው ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሱቅም ዝጉ በተባለ ቀን ይዘጋል። አንድ እንዲህ ባለ ጠዋት የቆርቆሮ መዝጊያዬን አውርጄ ቤት ስገባ፣ ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ከዋናው መንገድ በኩል ጩኸት ይሰማል፤ የሚቃጠለው ጎማ ሽታ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል። ከአጥሩ ውጭ ጓደኞቹ ያፏጫሉ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"መጣሁ" አለኝ።

ልጁ እንዲህ ብሎ ሲወጣ በቶሎ እንደማይመለስ የማታውቅ እናት የለችም። መጮህ እችል ነበር፤ ድምፅ በኩል እግዜር አልነፈገኝም፣ ጎረቤት ይመስክር። ነገር ግን ዕድሜዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሊሄድ የተነሳን ደንበኛ እጁን ቢይዙት ይሸሻል። ጥያቄ ቢጠይቁት ግን ይቆማል።

"ቆይማ፣ ያ አባትህ ያመጣው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?"

ቀና አለ። "ምኑ?"

"ኳሱ ነዋ። እኔ መጫወት አልችልም?"

"አንቺ?" አለና ሳቀ። ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር እንደዚያ ከሳቀ።

"ምነው፣ እጅ የለኝም?"

ከውጭ እንደገና ተፏጨ። ልጄ ወደ አጥሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ "ትንሽ ብቻ አሳይሻለሁ" ብሎ ገባ። እኔም በሩን እንደ ዋዛ ገፋ አደረግኩት።

መጫወቱስ አልሆነልኝም። ጆይስቲኩን ሰጠኝ፤ ጣቶቼ እምቢ አሉ፤ ተጫዋቼ ኳሱን ይዞ ወደ ራሱ ጎል ሮጠ። ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። እንደማልችል ሳውቅ፣ "በቃ አንተ ተጫወት፣ እኔ ልምረጥ" አልኩት። ሥራችን በዚሁ ተከፈለ። እሱ በእጁ፣ እኔ በአፌ።

መጀመሪያ ክለብ መምረጥ ነበረብን። እሱ አንድ ሀብታም ክለብ ሊወስድ አሰበ። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው የገባኝ ነገር፣ ሀብታም ክለብ ሁሉም ነገር የተሟላለት ስለሆነ ምንም የሚመረጥ ነገር እንደሌለው ነው። ለምሳ ሳንደርስ ጨርሰን ልጄ ጫማውን ያደርጋል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ሁሉም ነገር የጎደለው ክለብ ነበር። "በሀብታም ክለብ ቢያሸንፉ ምን ይገርማል? ደካማ ፈልግ" አልኩት። በየሊጉ ስንዞር አንድ የበታች ዲቪዚዮን ክለብ አገኘን። ሜዳው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ጉም ተኝቶበታል፣ ተመልካቹም ጥቂት ነው።

"ይሄ ሱሉልታ ነው እኮ" አልኩ። እሱም አየና፣ "እውነትሽን ነው፣ ብርዱ ራሱ ይታያል" አለ። ያንኑ ወሰድን።

ተጫዋች ስንመርጥ እኔ ለሙሽራ የሚጠየቀውን ሁሉ እጠይቅ ነበር። አገሩ የት ነው? የማን ልጅ ነው? አግብቷል? ጸባዩ እንዴት ነው?

"እማ ደሞ! ልንድረው እኮ አይደለም" ይለኛል።

"ቤታችን ልናስገባው አይደል? ታዲያ ምን ልዩነት አለው?"

ይበሳጫል፤ ግን ይፈልግልኛል። አገሩን ያነብልኛል፣ ቁመቱን ይነግረኛል፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ ያያል። የባዕድ ስማቸው ስለማይያዝልኝ ሁሉንም የራሴን ስም አወጣሁላቸው። መላጣው አለ። ጢሙ አለ፤ ተከላካይ ነው፣ ፊቱ አያስቅም። ዘበኛው አለ፤ መሀል ሜዳ ቆሞ ማንንም አያሳልፍም። አንድ ሰው ለመምረጥ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ውጭ ያለው ጩኸት ይነሳል፣ ይበርዳል፣ እኛ የግራ ተመላላሽ እናማርጣለን።

ግዢ ላይ ግን አሳፈርኩት። የእኛ ገበያ ወጉ ይታወቃል፤ ሻጩ የጠራውን ሰምቶ መደንገጥ፣ ከግማሽ በታች መስጠት፣ ሄድኩ ብሎ ዞር ማለት፣ ሲጠሩ መመለስ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። አንድ በጣም የወደድነውን አጥቂ ክለቡ የጠራበትን ስሰማ፣ "ምን፣ ወርቅ ነው እንዴ የሚያገባው? ግማሹን እንኳ አትስጣቸው፤ ከዚያ ዝም በል፣ ይጠሩናል" አልኩት። ልጄ "እማ ተይ፣ እንዲህ አይደለም" ቢለኝም አልሰማሁም። ክለቡ በአንዴ ድርድሩን ዘጋው። ዞር ብለን ጠበቅን፤ የሚጠራን ጠፋ። አጥቂው ለሌላ ሄደ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ነጋዴ አለመሆናቸው ነው የሚገርመኝ።

ከግዢው ይልቅ ያጣላን ግን ሽያጩ ነው። ልጄ አንዳንዱ አርጅቷል፣ አንዳንዱ አይረባም፣ እንሽጠውና በእሱ ሌላ እንግዛ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ የክለባችንን ልብስ ለብሶ ያየሁትን ሰው አሳልፌ አልሰጥም።

"ሰውዬው ከእኛ ጋር ክረምቱን አሳልፎ፣ አሁን ውጣ ይባላል? ነውር አይደለም?"

"ጌም ነው እኮ!"

"ጌምም ቢሆን።"

ስለዚህ ቡድናችን አበጠ። የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም። ከክለቡ ባለቤቶች ተጫዋች በዛ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቤንች ያልደረሳቸው ተጫዋቾች ደግሞ አቤቱታ ይልካሉ፤ ልጄ እየተረጎመ ያነብልኛል። "የመጫወት ዕድል አላገኘሁም፣ ደስተኛ አይደለሁም" ይላል አንዱ። እኔም፣ "ታገስ በለው፤ ደሞዙ አልተቋረጠበት፣ ምን ሆንኩ ይላል?" እላለሁ። እንዲህ የሚል መልስ ግን ጌሙ ውስጥ የለም።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። መብራት ሲሄድ ክፍሉ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ሲል የውጭው ይሰማል፤ የውጭው ሲሰማ የልጄ አንገት ወደ በሩ ይዞራል። መጀመሪያ ቀን ሮጬ ሱቅ ገብቼ የለስላሳ ቆርኪ በላስቲክ አመጣሁና ሲሚንቶው ወለል ላይ ዘረገፍኩት። "እስቲ ለነገ አሰላለፉን አሳየኝ" አልኩት። በሆዳችን ተኝተን ቆርኪ እንደረድራለን። ቀዩ ቆርኪ መላጣው ነው፣ ብርቱካናማው ዘበኛው። ልጄ አሰልጣኝ ሆኖ ያስረዳኛል፤ ይሄ ሲወጣ ይሄ ይሸፍናል፣ ይሄ ሲደክም ይሄ ይገባል። ጎረቤቴ አንድ ቀን እሳት ልትወስድ ገብታ ሁለታችንም ወለል ላይ ተዘርግተን ስታይ፣ "ምን ሆናችሁ?" ብላ አማተበች።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አገር በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር። ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ባሌ መንገድ ተዘግቶበት ገላን ከመኪናው ጋር ቀርቷል፣ በስልክ "ልጁ ቤት ነው?" ሲለኝ "ጨዋታ ላይ ነን" እለዋለሁ። ልጄ ጺሙ ማቆጥቆጥ ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን አናውቅም ነበር። ጎል ሲያገባ ጭንቅላቱን ወደ እኔ ይወረውራል፤ የልጅነቱን ሽታ እሸተዋለሁ። ሱቅ በተከፈተ ቀን እንኳ ስኳር እየመዘንኩ ስለ ግራ ተመላላሻችን አስባለሁ።

በሁለተኛው የውድድር ዓመት ከታዳጊ ቡድናችን አንድ ልጅ መጣ። ዕድሜው እንደ ልጄ ነው። ፊቱ ገና ያልጠነከረ፣ ጆሮው የተለቀ። "ጩጬው" አልኩት። ልጄ በእሱ አበደ። "እማ፣ ይሄ ልጅ ወደፊት የት እንደሚደርስ ብታዪ! አሁን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከተጫወተ ግን ማንም አይደርስበትም" አለኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሊያሰልፈው ሲል ግን አንድ ሌላ ወጣት ተጫዋቻችን ተጠልፎ ወደቀና በቃሬዛ ወጣ። ለረጅም ጊዜ አይጫወትም የሚል መልእክት መጣ። በዚያው ሳምንት ከእኛ ሁለት አጥር አልፎ ያለ የጎረቤት ልጅ ከመንገድ ላይ በሰው ሸክም ሲመጣ አይቻለሁ። እግሩን ተመትቶ ነው፤ ተርፏል። እናቱ ግን እንዴት እንደጮኸች አልረሳውም።

"ጩጬው ይቀመጥ" አልኩ።

"ለምን?"

"ገና ነው። ይጎዳል። ቤንች ላይ ይቀመጥና ይይ።"

ልጄ አልተከራከረኝም። ጩጬው ተቀመጠ። ጨዋታው በሙሉ፣ ከዚያም የሚቀጥለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው፣ ቤንች ላይ ሆኖ አየ። ካሜራው አንዳንዴ ወደ እሱ ሲዞር፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳየው ውስጤ እፎይ ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አማቴ መጡ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ "አካም ጅርቱ?" ብለው ገቡ። ልጄ ዘሎ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ወንበር ሰጠናቸውና ተቀመጡ። ትንሽ ቴሌቪዥኑን አዩ። ካሜራው ያን ጊዜ ቤንቹን አሳየ።

"ይሄ ጉርባ ለምን ተቀመጠ?" አሉ ጩጬውን እያመለከቱ፤ ጉርባ የሚሉት ወጣቱን ልጅ ነው።

"ልጅ ነው አባባ፣ እንዳይጎዳ ብለን ነው" አልኩ።

"ታሟል?"

"ኧረ ደህና ነው።"

"ደህና ከሆነ ምን ያስቀምጠዋል?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘን ወረዳ እንሄዳለን። ጠብ የለም፣ ድንጋይ የለም። ስለ ጨፌው እንለምናለን። ከየቤቱ አንድ አንድ ወጣት ይደግፈን ተብሏል። እኔ ይሄን ነው የምወስደው።"

እርጥብ ሣር በእጅ ይዞ የሚመጣን ሽማግሌ እኛ አገር ማንም አይገፋም፤ የሰላም ምልክት ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰሞን ማን ምን እንደሚያከብር በምን ይታወቃል? ወረዳው ያለው ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ቢቀሩስ? ጉልበትዎንም ያምዎታል፤ መንገዱም ደህና አይደለም" አልኩ።

"የእኔ ጨፌ ሆኖ ማን ይሂድልኝ?"

ምሳ ይብሉ ብዬ ነገሩን አዞርኩት። ላሞቹን ጠየቅኩ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ፤ ያቺን የሱቅ ብልሃቴን በሙሉ አወጣሁ። እሳቸው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱልኝ። ሲነሱ ልጄን "ጠዋት እጠብቅሃለሁ" ብለውት ሄዱ። ልጄ አጥር ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰና ጆይስቲኩን አነሳ።

ጨዋታ ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከፈተ። ጩጬው ላይ ቆመ።

"ቁጥሩን እዪው" አለኝ።

አየሁ። ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት አጠገቡ ነበር።

"ሲመጣ ከዚህ ይበልጥ ነበር። አልታመመም፣ አልተጎዳም፣ አልሸጥነውም። ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ነው የቀነሰው። አሁን መጨረሻ ላይ ይደርሳል የተባለበት አይደርስም።"

"ቢሆንም አለ" አልኩ። "ደህና ነው። እግሩም እጁም ሙሉ ነው።"

"አዎ፣ አለ" አለና ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እማ፣ እኔ እዚህ ስቀመጥ የሰነበትኩት ጌሙ በልጦብኝ ይመስልሻል?" አለኝ።

ጆይስቲኩን አንስቼ ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

"ያን ቀን ጫማዬን ሳስር፣ ኳሱ እንዴት ነው የሚሠራው ስትዪኝ፣ ያኔ ገብቶኛል። አንቺ እኮ ጌሙን ትጠዪው ነበር። ግን ደንግጠሽ ነበር። ፊትሽን አይቼ ነው የተቀመጥኩልሽ። ከዚያ በኋላም የተቀመጥኩት ላንቺ ነው። ጓደኞቼ ፈሪ ሲሉኝ ከርመዋል። አቦ ይበሉ። ነገ ግን አካኮን ማን ይደግፋቸው? ጉልበታቸውን ያማቸዋል አላልሽም?"

አካኮ አያቴ ማለት ነው። እኔ ብልህ ነጋዴ ነኝ ብዬ፣ ደንበኛዬን በጥያቄ አቆምኩ ብዬ፣ ለካ ደንበኛው አዝኖልኝ ነው የቆመው። ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። ምናልባት ያን ያህል ትልቅ ሰው መሆኑን ከእኔ በፊት እሱ ማወቁ ይሆናል። ጥፋተኛ ነኝ ግን አልልም። ዛሬም ጎማ ሲቃጠል ቢሸተኝ ያንኑ አደርጋለሁ፤ ቆርኪዬን ዘርግፌ እተኛለሁ።

"ነጭ ሸሚዝህ ታጥቧል" አልኩት። እሺ ማለት አቃተኝ እንጂ እሺ ማለቴ ነበር፤ እሱም ገብቶታል።

ጠዋት አጥራችን ጥግ ድረስ አብሬው ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው ከጨፌው የታጨደ እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። ጤዛው ገና አልረገፈም። አማቴ ከያዙት ሣር ቀነስ አድርገው ለልጄ ሰጡት። ልጄ በግራ እጁ ሣሩን፣ በቀኝ እጁ የአያቱን ክንድ ያዘ። ወደ ኋላ ዞሮ አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ እንደማስቀረው ያውቃል መሰለኝ።

"ነጋን ዴማ" አልኳቸው፤ በሰላም ሂዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጠየቅ። ሱቅ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሞ ከፈትኩ። ለአንዷ ስኳር ብላኝ ጨው መዘንኩላት። ቴሌቪዥኑን አየሁት፤ ያለ ልጄ ማብራቱንም አላውቅበትም። ባሌ ደወለና "ልጁ ቤት ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ ከአባትህ ጋር ነው" አልኩት። እሱም "ጥሩ ነው" አለኝ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ደግሞ ደወለ። አንድ ጊዜ በዋናው መንገድ በኩል ግር የሚል ነገር ሰማሁና ጫማዬን ሳላደርግ እስከ አስፓልቱ ሮጥኩ። የከብት መንጋ ነበር።

ፀሐይ ጋደል ስትል መጡ። ሁሉም መጡ። ሣሩ ጠውልጓል፣ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። ምን አገኛችሁ ቢባል ምንም አላገኙም፤ ጉዳያችሁን እናየዋለን ተብለው ነው የተመለሱት። አማቴ ግን ቤቴ ገብተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ እጄን ያዙኝ።

"የወረዳው ሹም ጨፌውን ባዶ መሬት ነው አለን" አሉ። "እኛ ሽማግሌዎቹ ተናደን አፋችን ተያዘ። ይሄ ጉርባ ተነሳና፣ በአክብሮት፣ ማን እንደሚያጭደው፣ የማን ላም እንደሚበላው፣ ወተቱ አዲስ አበባ የማን ቤት እንደሚገባ ነገረው። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነው የሰማው። ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ። ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ።"

"አባባ፣ የእርስዎም ልጅ እኮ ነው" አልኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጩጬውንስ? አሰለፍነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አስገባሁት። እንደ ታሪክ ቢሆን ጎል ማግባት ነበረበት፤ ኳስ በነካ ቁጥር ሲነጠቅ ውሎ ቢጫ ካርድ አይቶ ወጣ። ልጄና እኔ በሳቅ ሞትን። ቡድኑም የዚያን ዓመት ከታችኛው ዲቪዚዮን ወደ ባሰው ታችኛው ወረደ። አንድም ሰው ግን አልሸጥንም።

ከወረዳው በተመለሱ ማግስት ጠዋት ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። ከአጥሩ ውጭ ፉጨት አልነበረም። ጓደኞቹ ግቢ ገብተው፣ እኔን "ደህና አደሩ" ብለው፣ በአክብሮት ቆመዋል። እሱ ቀና ብሎ "እማ፣ ከእነሱ ጋር ነኝ። ትምህርት ቤቱ ጋ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። ከምሳ በኋላ እመጣለሁ" አለኝ። ፈቃድ አልጠየቀኝም፤ የት እንደሚሆን ነው የነገረኝ። አፌ ላይ መዓት ጥያቄ መጣ። የትኛው ትምህርት ቤት፣ እነማን ናቸው፣ ወታደር የለም ወይ፣ ያ ያመለጠን አጥቂ ኮንትራቱ መቼ ያልቃል። ሁሉንም ዋጥኩት።

"በልተህ ሂድ" አልኩት።

ገባ። ጓደኞቹንም አስገባቸው። አንድ ትሪ ከበው በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። እኔም ትሪውን አነሳሁ።